ሐዲድ ለማድመጥ የተገዛ ማይክሮፎን

ባቡሩ ገና ሳይታይ ሐዲዱ ለምን እንደሚያፏጭ ለመረዳት ስል፣ የአየርን ድምፅ ትቶ የብረትን ንዝረት ብቻ የሚቀበልና በማግኔት የሚጣበቅ አነስተኛ ማይክሮፎን ገዝቼ፣ በሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ፈቃድና ጥበቃ ለአንድ ወር ያህል ሞከርሁት። ጆሮን ሐዲድ ላይ አስደግፎ ማድመጥ ሕይወት የሚያስከፍል ድርጊት ስለሆነ፣ መሣሪያው በረጅም ሽቦ ርቆ ለመቆም ማስቻሉ ብቻውን ለግዢው በቂ ምክንያት ነው።

ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ፣ በአየር ውስጥ ግን 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሐዲዱ ቀድሞ የሚሰማው በፍጥነቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም ባቡሩ 1 ኪሎ ሜትር ሲርቅ በዚህ የሚገኘው ብልጫ 3 ሰከንድ አይሞላም፤ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ደግሞ ያንኑ ርቀት ለመጨረስ 40 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። አየር ላይ የወጣ ድምፅ በየአቅጣጫው ተበትኖ ሲደክም፣ መንኮራኩሩና ሐዲዱ በሚነካኩባት የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ካለው ጥቃቅን ሸካራነት የሚነሣው ንዝረት ግን በቦይ እንደተመራ ውኃ ብረቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከሐዲዱ ሥር ያለው የጎማ ንጣፍና የኮንክሪት ርብራብ ወፍራሙን ድምፅ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ በጆሮ ማዳመጫው ቀድሞ የሚደርሰው ቀጭኑ ፉጨት ነው፤ ጉርምርምታው ባቡሩ ሲቃረብ ይከተላል። በብየዳ ወጥ በሆነ ሐዲድ ላይ ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማኝ፣ በብሎን በተጋጠመ አሮጌ መስመር ላይ ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከንዝረቱ ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ ዝምታ ብቻ ነበር የገጠመኝ።

ይህን ሁሉ መለየት መቻሉ የመሣሪያውን ጥራት ያሳያል። ጉድለቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የሚፈጥረው መንኳኳት ደካማውን ፉጨት ይሸፍነዋል። ማግኔቱም የዛገ ሐዲድ ላይ በደንብ አይይዝምና ዝገቱን አስቀድሞ መፋቅ ይገባል፤ የአጠቃቀም ወረቀቱ ይህን አያነሣም፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በከንቱ አባከንሁ።

አንድ ማይክሮፎን ብቻውን ንዝረቱ ከግራ ይምጣ ከቀኝ አይለይም። ይህን የሚፈልግ ሰው ሁለት ገዝቶ በተራራቁ ቦታዎች ላይ ሊያጣብቅ ይገባል፤ እኔም ሁለተኛውን የምገዛው ሽቦው ከተሻሻለ በኋላ ነው።