ኦዱ 17ን ለሠራተኛ ወጪ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

ኦዱ የድርጅትን ሥራና ሒሳብ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው፤ እዚህ የሚገመገመው ነጻው የኮሚዩኒቲ እትም ነው። ቢሮው ደብረ ብርሃን ሲሆን 20 ያህል ሠራተኞች ለሽያጭና ለጥገና ወደ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ይወጣሉ። ኦዱ የወጪ ማመልከቻና ማጽደቅ ላይ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ቅድሚያ ክፍያንና የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር ግን ከመነሻው አያውቅም፤ እነዚህ ሁለቱ ሳይታሰቡ ከተጀመረ ወር በደረሰ ቁጥር ሒሳብ ክፍሉ ይቸገራል።

ሠራተኛው በሠራተኞች መዝገብ ላይ ከራሱ የመግቢያ ስም ጋር ካልተያያዘ ወጪ መመዝገብ አይችልም። «አልሠራ አለኝ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። የሚያጸድቀው ኃላፊም እዚያው ይመረጣል።

ዋናው ሥራ የወጪ ዓይነቶችን መክፈት ነው። በዓይነቱ ላይ ዋጋው 0 ከሆነ ሠራተኛው የደረሰኙን ጠቅላላ ብር ራሱ ይጽፋል። ዋጋ ከተሞላ ግን የሚጽፈው ብዛት ብቻ ነው፤ ድምሩን ሲስተሙ ያሰላል። ስለዚህ ውሎ አበል ላይ የቀን ተመን ይሞላል፦ ተመኑ ለምሳሌ 600 ብር ከሆነ 3 ቀን የሞላ 1,800 ብር ይወጣለታል። ተመኑ በደረጃ የሚለያይ ከሆነ ለየደረጃው የተለየ ዓይነት መክፈት ያስፈልጋል። ምግብ፣ አልጋና ነዳጅ 0 ላይ ይቆዩ።

ኦዱ የተጻፈውን ብር ቫትን እንዳካተተ ይቆጥረዋል። 1,150 ብር ተጽፎ 15 በመቶ ቫት ከተመረጠ 1,000 ወደ ወጪ፣ 150 ወደ ቫት ይሄዳል። በወጪ ዓይነቱ ላይ ቫት አስቀድሞ ከተሞላ ለቫት ካልተመዘገበ ምግብ ቤት የመጣ ደረሰኝም የሌለ ቫት ይነሣለታል፤ ይህ ለግብር ኦዲት የሚያጋልጥ ስሕተት ነው። ባዶ ትቶ ሒሳብ ሹሙ ደረሰኙን አይቶ ቢጨምር ይሻላል።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ 12/4/2017 ካለ ታኅሣሥ 12 ማለት ነው፤ ሲስተሙ ላይ የሚገባው 21/12/2024 ነው። እንዳለ ከተጻፈ ወጪው ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ከወሩ ሪፖርት ይጠፋል። በወር ሲመደብም የሚከተለው የፈረንጅ ወርን ነው፤ የሐምሌን ወጪ ለማየት ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 የሚል ማጣሪያ ሠርቶ ማስቀመጥ ግድ ይላል።

አንድ ወጪ ሁለቴ ሲገባ ያስጠነቅቃል፤ የሚያስተያየው ግን የአንዱን ሠራተኛ ዓይነት፣ ቀንና ብር ነው። አብረው የበሉ ሁለት ሰዎች አንዱን ደረሰኝ ለየራሳቸው ቢያቀርቡ ይህ ማጣሪያ አይዘውም። የኤፍኤስ ቁጥሩን (የማሽን ደረሰኙን መለያ ቁጥር) መግለጫው ላይ ማስጻፍና በቁጥሩ መፈለግ ነው መፍትሔው። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ስለሚለቅ በዕለቱ ፎቶ ይነሣ። ነዳጅ በቴሌብር ሲከፈል የመጣው መልእክት በስክሪንሾት ይያያዛል። ኔትወርክ በሌለበት መመዝገብ ስለማይቻል ፎቶውን ስልክ ላይ አቆይቶ ከተማ ሲገቡ መጫን ይቻላል።

ቅድሚያ ክፍያ ትልቁ ጉድለት ነው። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ብር ሰጥቶ ቆይቶ ያወራርዳል፤ ኦዱ ደግሞ ሠራተኛው ከኪሱ ከፍሎ እንደሚጠይቅ ያስባል። የሚሠራው ዘዴ የሠራተኛ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ተሰብሳቢ ሒሳብ ከፍቶ የተሰጠውን ብር በሠራተኛው ስም እዚያ መያዝ ነው። ሠራተኛው ሲመለስ ወጪውን «ሠራተኛው ከፈለ» ብሎ ያስገባል፤ ሲጸድቅ ለእሱ የሚከፈል ዕዳ ይመዘገባል። ያ ዕዳ ዴቢት፣ ቅድሚያ ክፍያው ክሬዲት ተደርጎ ይወራረዳል። 5,000 ወስዶ የ4,200 ደረሰኝ ያመጣ ሰው ተሰብሳቢው ላይ 800 ብር ቀርቶበት ይታያል። ይህን በእጅ ለመሥራት በየጉዞው የተወሰነ ደቂቃ ይሄዳል፤ በወር ከ100 በላይ ጉዞ ላለው ድርጅት ኦዱን በዚህ መልኩ አንመክርም።

ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያስፈልገዋል። ባክአፕ ሲወሰድ የዚፕ ምርጫው ይወሰድ፦ የደረሰኝ ፎቶዎቹ ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ፋይልስቶር በሚባለው ፎልደር ነው፤ ዳታቤዙን ብቻ የያዘ ባክአፕ ሲመለስ ቁጥሩ ይኖራል፣ ደረሰኙ አይኖርም።