ደሴ ላይ ብሮኮሊ ከየት ይምጣ? የልጄ ትምህርት ቤት የክብደት ፕሮግራም

ሁለት ሦስት እናቶች በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ አንዴ እዚሁ ልጻፈው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። እዚሁ ደሴ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ይበቃል።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ጥቅምት ላይ 46 ኪሎ ነበር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40። እኛ ቤት ይሄ "ተመችቶታል" ነው የሚባለው፣ ጎረቤቱም ባየው ቁጥር ማሻ አላህ ይላል። የትምህርት ቤቱ ነርስ ግን ኪሎውን ለቁመቱ አስልታ 23.5 ሲመጣ ጠራችኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ "ጤነኛ እኮ ነው፣ እስከ 25 ይፈቀዳል" አልኳት። እሱ የትልቅ ሰው ነው አለችኝ። የልጅ የሚታየው ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ነው፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ደግሞ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ 23.5 ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ውስጥ ገብቷል። ደነገጥኩ። በሴሚስተር 800 ብር ከፍዬ የክብደት ፕሮግራሙ ውስጥ አስመዘገብኩት።

መጀመሪያ የሰጡን ወረቀት ያስቃል። ቁርስ ኦትስ፣ ምሳ ብሮኮሊ በዶሮ። እስቲ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ብሮኮሊ ፈልጉልኝ! ረቡዕ ደግሞ እንቁላልና ወተት ይላል፣ ረቡዕን ያህል ቀን። ከየት አገር እንደቀዱት እንጃ። ወላጆች ተንጫጫንና በወሩ ቀየሩት፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ካሮት፣ ሙዝ፣ ሽሮ በእንጀራ ገባበት። እንጀራ አልከለከሉም፣ የተከለከለው ሁለተኛው ዙር ነው። ሁለተኛው ወረቀት በእውነት ጥሩ ነው፣ ፍሪጄ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት የግቢውን ሱቅ ማስተካከላቸውን ነው። ለስላሳ፣ ቺፕስና ከረሜላ ወጣ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይላል። የኔ ልጅ ደግሞ በቀን አንድ ጠርሙስ ይጠጣ ነበር፣ ሻዩ ሳይቆጠር። ችግሩ ከበሩ ውጪ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሌላ ሱቅ አለ። ስለዚህ ኪስ ገንዘቡን እኔው አቆምኩት፣ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

አሁን ወደሚያናድደው። ልጆቹን ክፍል ውስጥ፣ በሁሉም ፊት ነበር የሚመዝኗቸው። መምህሩ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። በማግስቱ የልጄ ስም "ኩንታል" ሆነ። ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አለቀሰ፣ ማታ ማታ ደግሞ ተደብቆ ዳቦ ሲበላ ያዝኩት፣ ከዚያ በፊት ተደብቆ በልቶ አያውቅም። ሄጄ ጮህኩ። አሁን ነርሷ ክፍል ብቻውን ነው የሚመዘነው፣ ቁጥሩም በታሸገ ወረቀት ለእኔ ይመጣል። ይቅርታ የጠየቀን ሰው ግን የለም። እናንተም ከማስመዝገባችሁ በፊት መጀመሪያ የምትጠይቁት "ሚዛኑ የት ነው?" የሚለውን ይሁን።

ሌላው ጉድለት፣ ፕሮግራሙ ምግብ ምግብ ብቻ ነው። ስፖርት በሳምንት ሁለቴ ናት፣ ያቺም ፈተና ሲደርስ ለሒሳብ ትሰጣለች። ለልጅ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው የሚመከረው። ኮክሬን የሚባለው፣ የጤና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማም ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች እንዳይወፍሩ ምግብ ላይ ብቻ መሥራት ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ፣ እንቅስቃሴ ሲኖርበት ግን ለውጡ ትንሽም ቢሆን እንደሚታይ ነው የሚለው። እኔ ባጃጁን አስቀረሁት። የደሴ ዳገት ጂም አያስከፍልም! መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ አራቴ ይቀመጥ ነበር፣ አሁን እኔ ነኝ ቆይ የምለው።

የምግብ መመዝገቢያ ደብተርም አላቸው። የበላውን ሁሉ ጻፉ ይላል፣ የጉርሻ ቦታ ግን የለውም። እናቴ ደግሞ አብራን ነው የምትኖረው። "የኔ ጌታ፣ በረሃብ ሊገድሉህ ነው" ትልና አንድ ታጎርሰዋለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ትልና ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ይዣት ሄድኩ፣ ነርሷ እንደ እናቷ በአክብሮት አስረዳቻት፣ እማዬም ራሷን ስትነቀንቅ ቆይታ ስንወጣ "ልጅቷ ራሷ ከስታለች፣ ምን ታውቃለች" አለችኝ።

ግንቦት ላይ ሲመዘን ያው 46 ኪሎ። ባለቤቴ "800 ብራችን ቀለጠች" አለ። ነገር ግን 3 ሴንቲ ሜትር አድጓል፣ ስሌቱ ወደ 22.5 ወርዷል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም ይሄው ነው፣ ኪሎው ባለበት እንዲቆምና ቁመቱ እንዲደርስበት። ገና ከመስመሩ በላይ ነው፣ አልደብቅም።

ከአምስት ሦስት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለሚዛኑ፣ ሌላዋን ለስፖርቱ ነው። የብሮኮሊውን ምሬያቸዋለሁ። መስከረም ላይ እንደገና አስመዘግበዋለሁ፣ እማዬ ግን ገና አልሰማችም።