ቻ የጥር ናት

ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። ደሴ መናኸሪያ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። የ7 ዓመቱ ልጄ ጋቢና ተቀምጦ ከፊታችን የቆመውን መኪና ታፔላ ትክ ብሎ ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆይቶ ጮክ አለና «ኮ… ም… ቦ… ል…» ብሎ ቀጥ አለ። ጠበቅኩት፤ የለም። «ጨርሰዋ የኔ ጌታ» ስለው ዞር ብሎ አየኝና «እሷን ገና አልተማርናትም አባ። ቻ የጥር ናት» አለኝ።

ቃሉን እኮ ያውቀዋል። ከተወለደ ጀምሮ ረዳቶች «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ» ሲሉ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ግን ያልተማረውን ፊደል አነበብኩ ማለት አልፈለገም። የቱን እንደሚያውቅ፣ የቱ እንደሚቀረው፣ የሚቀረው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ለይቶ ያውቃል። እኔ ጎልማሳው ሰውዬ መሪ ይዤ እንባዬ መጣ።

ይህን የምጽፈው የዚህን ልጅ መምህርት በአደባባይ ላመሰግን ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግስት ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል መምህርት ናቸው። በስማቸው ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ሥራውን ከወደድከው ሥራውን ጻፍ፤ ስሜን ተወው» አሉኝ። ስለዚህ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው ቲቸር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሥራው ምንድነው? ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ውስጥ ግማሽ ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል። በቲቸር የእጅ ጽሁፍ ተጽፎ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ነው። ከላይ የወሩ ስም አለ። ከስሩ ልጆቹ በዚያ ወር በአማርኛ፣ በሂሳብ፣ በአካባቢ ሳይንስ፣ በግብረ ገብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በክወናና እይታ ጥበባት ምን እንደሚማሩ ለእያንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት መስመር ይቀመጣል። ወረድ ብሎ «ከእናንተ የምፈልገው» የሚል አለ፤ እሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስድም። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ወር ፊደሎች ይጻፋሉ። ልጄ ቻ የጥር መሆኗን ያወቀው ከዚያ ነው፤ ወረቀቱን እናቱ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።

ይሄ ምን ይገርማል የሚል አይጠፋም። እኔን ለምን እንደሚገርመኝ ልንገራችሁ። ታላቅ እህቱ የዛሬ 5 ዓመት 1ኛ ክፍል ስትገባ በሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ምን እየተማረች እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የማየው በየመንፈቁ የሚመጣውን ካርድ ነው። ካርዱ ደረጃ ይነግረኛል፤ ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ አይነግረኝም። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ታወርደው ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስብለን አጨብጭበንላታል። 3ኛ ክፍል ደርሳ አንድ ቀን ገበታው መሀል ጣቴን አድርጌ «ይቺ ማን ናት?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ ከሀ ጀምራ በሆዷ እየቆጠረች መጥታ ነገረችኝ። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ ልጄ ያን ሁሉ በቃሏ ይዛ አንድ ቃል ማንበብ አትችልም ነበር። አሁን ደህና ሆናለች፤ ተመስገን። ግን እነዚያን ሁለት ዓመታት የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህን ታሪክ ለቲቸር በመስከረሙ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። «ዜማው ጥሩ ነው፤ ዜማው ብቻ ሲሆን ነው ችግሩ» ብለው ፊደሉን በተርታ ለምን እንደማያስተምሩ አስረዱኝ። መጀመሪያ የሚያመጡት ብዙ ቃል የሚሰሩትን ነው። ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ ከነሰባት ቤታቸው ሲታወቁ ልጁ ወዲያው ላም፣ ሎሚ፣ ቤት፣ በላ፣ ሰማ ብሎ ያነባል፤ ማንበብ ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ወር ይገባዋል። ሁለተኛው ነገር የሚመሳሰሉት ናቸው። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ የመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው የተጨመረው ምልክት ነው። «ተ ሳይጸና ቸን ካመጣሁባቸው ሁለቱም ይጠፉባቸዋል» አሉኝ። ለዚህ ነው ቻ እስከ ጥር የቆየችው። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ 30 ዓመት አልፎኛል፤ ቸ የተ ልጅ መሆኗን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ልቤን ነክቶታል። በክፍሉ ካሉት 63 ልጆች ውስጥ ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው ማንበብ የማይችሉ አሉ። የኔዋ እናት አንዷ ናት፤ እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ልጁን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ ምሳ የምታበላው እሷ ናት። ቲቸር ወረቀቱን በበተኑበት ቀን ማታ ያንኑ በድምጻቸው ቀድተው በቴሌግራም ይልኩታል። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀስ ብለው፣ ጎረቤት ቡና ላይ እንደሚያወራ ነው የሚናገሩት። «እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንደምን ከረማችሁ» ብለው ይጀምራሉ። አያቶችን ለይተው መጥራታቸው ለእናቴ ትልቅ ነገር ነው። ድምጹን ደጋግማ ታስከፍተኛለች።

የህዳሩ ወረቀት ሂሳብ ላይ እስከ 10 መደመርና መቀነስ ይል ነበር፤ ከእናንተ የምፈልገው የሚለው ስር ደግሞ «በቤታችሁ ባለው ዕቃ አስቆጥሩት፤ ሲሳሳት አትቆጡት፤ እንደገና ያንሳ»። እናቴ ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ላይ 9 ሲኒ ደርድራ ልጁን አስቀመጠችው። «ስድስት ጎረቤት ጠራሁ፤ ስንት ሲኒ ቦዘነ?» አለችው። ስድስቱን አንድ በአንድ ወደ ጎን አወጣና የቀሩትን በጣቱ እየነካ «ሶስት» አላት። «እትዬ ቀርታ አምስት ብቻ ቢመጡስ?» አንዱን መለሰና «አራት»። ቶናው ላይ ሲደርሱ ልጁ ራሱ ጠያቂ ሆኖ እናቴን ያስቆጥራት ጀመር። እሷ ትምህርት ቤት በር ረግጣ አታውቅም። ያን ቀን ማታ «አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፤ እኔንም አስተማሪ አደረገችኝ» አለችኝ።

የወሩ ትምህርት በፈረንጅ ወቅት የተጻፈ አይደለም፤ ደሴ ላይ በሚታየው ነው የሚሄደው። የመስከረሙ ወረቀት ላይ መስከረም 26 መፀው ይገባል ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ የአደይ አበባን ወቅት ዕድሜዬን ሙሉ ፀደይ ስል ኖሬያለሁ፤ በሬዲዮም እንዲያ ሲባል እሰማለሁ። ልጄ አረመኝ። ፀደይ ገና መጋቢት 26 ነው የሚገባው፤ አደይ የምታብበው በክረምቱ መውጫና በመፀው መግቢያ ላይ ነው። በጋው ታህሳስ 26፣ ክረምቱ ሰኔ 26። አራቱንም በጣቱ አንጓ ቆጥሮ ነገረኝ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። የታህሳሱ ወረቀት አካባቢ ሳይንስ ላይ «የአካባቢያችን አየር» ይላል፤ የቤት ሥራው ልጁ ጠዋትና ከሰዓት አየሩን እንዲያስተውል ነው። ልጄን ጋቢና የጫንኩትም ለዚሁ ነበር። ከደሴ ስንወጣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ልጁ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፏል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መብራት አብርቼ ነው የነዳሁት። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፀሐይ ወጣች፤ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጃኬቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። «አባ፣ ፀሐይዋ አንድ አይደለች እንዴ? እዚህ ለምን ትሞቃለች?» አለኝ። በዚህ መንገድ 11 ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ለ7 ዓመት ልጅ በሚገባ ቋንቋ የምመልሰው አልነበረኝም። ቲቸርን ጠይቃቸው አልኩት።

ሰኞ ጠየቃቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ ተራራ ሳሉ፤ ላይኛው ወገብ ላይ ደሴ፣ ግርጌው ላይ ኮምቦልቻ። ልጁን ወደ ፊት አውጥተው ጃኬቱን የት እንዳወለቀ በጠመኔ ምልክት እንዲያደርግ አደረጉት። ከፍ ሲል ይበርዳል፣ ዝቅ ሲል ይሞቃል፤ ደሴ ደጋ፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ። ለልጆቹ ይኸው በቂ ነው። ለእኔ በስልክ ቁጥሩን ነገሩኝ፦ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚያች አጭር መንገድ ላይ 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። አሁን ለተሳፋሪ ሁሉ እሱን ነው የማወራው። ልጁም ሐረጎን ሲያይ «ጃኬት የሚወልቅበት» ይለዋል።

የግብረ ገቡ ደግሞ ጥር ላይ ተራ መጠበቅ ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ልጁ መናኸሪያ መጥቶ ተራ የሚያቋርጡ ሹፌሮችን አንድ በአንድ ስለነገረኝ ይበቃል።

ፎቶ ኮፒውን ትምህርት ቤቱ የሚከፍል ይመስለኝ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደረስኩ፤ ቲቸር ቆመው ከቦርሳቸው ብር ይቆጥራሉ። ወረቀቶቹ ከማሽኑ ሞቅ እንዳሉ እየወጡ ነው፤ እሳቸው መሀሉን በማስመሪያ ይዘው ለሁለት ይቀዷቸዋል። ግማሽ ወረቀት የሆነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ከራሳቸው ኪስ ነበር። የመምህር ደሞዝ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሌሎች ወላጆች ነገርኩና ገንዘብ አዋጣን፤ በእጃቸው አልቀበልም አሉ። ወረቀት ከሆነ እሺ አሉን። አንድ ደስታ ወረቀት ገዛንላቸው፤ 500 ቅጠል ሲቀደድ 1,000 ግማሽ ነው፤ ለ63 ልጅ በወር አንድ ሲሆን ዓመቱን ይዘልቃል። የኮፒውን ክፍያ ደግሞ ለባለቤቱ በቀጥታ እንሰጣለን። ማንም ወላጅ ከአንድ የታክሲ ሂሳብ በላይ አላወጣም።

ሁሉም ልጅ እኩል ደርሷል እያልኩ አይደለም። 63 ልጅ በአንድ ክፍል ብዙ ነው፤ ቲቸር ራሳቸው አምስት ልጆች ወደኋላ እንደቀሩባቸው በስብሰባ ላይ በግልጽ ነግረውናል። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ 20 ደቂቃ ይይዟቸዋል። የእነዚያ ልጆች ወረቀት የተለየ ነው፤ ያለፈው ወር ፊደሎች ተደግመው ይጻፉበታል። ልጁ እንዳያፍር ግን ቅርጹ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያወቅኩት ከአምስቱ የአንዱ እናት ስለነገረችኝ ነው፤ ስትነግረኝ በኩራት ነበር።

በመስከረም ልጃችሁን 1ኛ ክፍል የምታስገቡ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ መምህሩን «በዚህ ወር ምን ይማራሉ? ቤት ምን ላግዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደፍሮ መጠየቅ ያስፈራል፤ እኔም ለታላቂቱ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት። መምህራን ከሆናችሁ ደግሞ ቲቸር ወረቀቶቻቸውን ለሚፈልግ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ስድስቱም በፎቶ አሉኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ገልብጡ፣ ለክፍላችሁ እንዲመች ቀይሩት፤ ምንም አይከፈልበትም።

ቲቸር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ጥር 20 ላይ ልጄ ታፔላውን ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ቻን ሲደርስ ድምጹን ከፍ አድርጎ ነው ያላት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

የመጋቢቱ ወረቀት ደግሞ ዛሬ ደረሰ። እስከ 100 መቁጠር ይላል፤ አሥር አሥሩን በሽቦ እየሰኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 የለስላሳ ቆርኪ ያስፈልጋል፤ ለ63 ልጅ 1,260 ማለት ነው። እስካሁን 400 የሚሆን ሰብስበናል። ደሴም ኮምቦልቻም ግሮሰሪ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ቆርኪውን አትጣሉብን፤ አጥባችሁ በፌስታል አስቀምጡልን፤ በመንገዴ እያለፍኩ እወስዳለሁ።