ለጋጋሪዋ የትኛው ይሻላል፦ ምርጥ ምድጃ ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ?

በሦስት ጉልቻ የምትጋግር እናት ጭሱን የምትተነፍሰው ጀርባዋ ላይ ካዘለችው ልጅ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል።

ወጪ፦ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሻጋታ ስለሚሠራ ርካሽ ነው፤ በማኅበር የተደራጁ ሴቶች እያመረቱ ስለሚሸጡትም ገቢው እዚያው መንደር ይቀራል፤ ይህን እኔ ትልቅ ጥቅም አድርጌ አየዋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን መግዣው ይከብዳል፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብም አስተማማኝ መስመር ይፈልጋል።

ጤናና ድካም፦ ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ ማገዶውን እስከ ግማሽ ስለሚቆጥብ፣ ጭራሮ ለቀማ የምትሄድበትን ቀንና በደን ላይ ያለውን ጫና ያቀልላል። ሆኖም ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የጭስ መውጫ በሌለው ጠባብ ማድቤት ውስጥ ዓይንና ሳንባ መጎዳታቸው ይቀጥላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስም ለቀማም የለም።

ስጋት፦ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ቡኮው ውስጥ ይኮመጥጣል። የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ድርቅም ይነካዋል።

መብራት ባልደረሰበት ገጠር ምርጥ ምድጃ፣ መስኮት ወይም የጭስ መውጫ ተጨምሮለት፣ ይመረጣል። የራሱ ቆጣሪ ላለው የከተማ ቤት፣ በተለይም አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ፣ የኤሌክትሪኩ ይበልጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ሁለቱንም መያዝ ይበጃል።