የጥርስ ጌጅ (የብሎንና የፊቲንግ ጥርስ የሚለይ መለኪያ) ልግዛ ወይ ለምትሉ
ሜትሪክና ኢንች አብራ የያዘችውን ባለ 52 ቅጠል (ጠርዛቸው ጥርስ ያለው ስስ ብረቶች) የጥርስ ጌጅ ጋራዥ ወይ ቶርኖ ቤት ያላችሁ ግዟት፣ የምሬን ነው። እንደ ሴንጢ ታጥፋ ኪስ ትገባለች፣ በአንድ በኩል ሜትሪክ የጥርሱ አንግል 60 ዲግሪ፣ በሌላው ዊትዎርዝ (የእንግሊዝ የኢንች ጥርስ) 55 ዲግሪ።

ዋናው ጥቅሟ የገባኝ ኮምፕሬሰር ላይ ነው። የ1/4 ቢኤስፒ (የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ) ፊቲንግ ውፍረቱ በካሊብሮ ሲለካ 13.1 ሚሊ ምናምን ይላል፣ "ያለቀ 14 ሜትሪክ ነው" ብሎ የሚገምት ብዙ ነው፣ ግን የ19ኗን (በኢንች 19 ጥርስ) ቅጠል ጥርሱ ላይ አርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ምንም ክፍተት የለም፣ የሜትሪኳን 1.5 (ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ) ስታደርጉ ደሞ ሁለት ሶስት ጥርስ ላይ ትነሳለች፣ በቃ ቢኤስፒ መሆኑ ታወቀ። ቴፍሎን ጠምጥማችሁ በግድ እንዳታስገቡ በናታችሁ፣ ፕሬዠር ያለበት ነገር ሰው ይጎዳል።

ቅር ያለኝ የኢንች ቅጠል በ60 ዲግሪ የላትም፣ የአሜሪካ የኢንች ጥርስ ደሞ 60 ዲግሪ ስለሆነ የአሜሪካ ማሽን ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። 1/2 ኤንፒቲም (የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ) 1/2 ቢኤስፒም በኢንች 14 ጥርስ ናቸው፣ ውፍረታቸውም ሁለቱም 21 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የ14ቷ ቅጠል ሁለቱም ላይ የገባች ትመስላለች፣ የጥርሱን አንግል አተኩሮ ላላየ ሰው ያሳስታል።

ጠባብ ቀዳዳ ውስጥም አትገባም፣ ለሱ ልኩን የምታውቁትን ብሎን በእጅ ብቻ አዙሮ መሞከር ይሻላል።

ስትገዙ ቁጥሩ የተቀረጸ መሆኑን እዩ፣ በቀለም ብቻ የተጻፈው ዘይት ሲነካው ይጠፋል።