አንቲቦዲ፣ ፎስ-ታግ ወይስ ማስ ስፔክ? ፎስፎሪሌሽን ለማየት መጀመሪያ የቱን ትገዛላችሁ

«ፕሮቲኔ ፎስፌት ይያዝ አይያዝ (ፎስፎሪሌሽን የሚባለውን) ማየት ፈልጌያለሁ፤ የቱን አንቲቦዲ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ከጓደኞቼ አፍ ጠፍቶ አያውቅም። አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል ነው። መልሴም አይቀየርም። ቆይ እስቲ፣ አንቲቦዲ ለመግዛት ምን አስቸኮለህ? አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መገዛት ያለበት ፎስ-ታግ ነው፤ ፕሮቲን የሚለይበት ጄል ውስጥ የሚጨመር፣ ፎስፌት የያዘውን የሚያዘገይ ኬሚካል። ማዳላቴን አልደብቅም፤ ምክንያቴን ግን ስሙኝ።

ከዋጋ እንጀምር። ፎስፎ አንቲቦዲ (ፎስፌት የያዘውን ቦታ ብቻ የሚያየው) ብዙ ጊዜ የሚመጣው 100 ማይክሮሊትር በያዘች ብልቃጥ ነው። መመሪያው 1 ለ1000 አቅጥኑ ካለና ለአንድ ሜምብሬን (ፕሮቲኑ ከጄል ተላልፎ የሚያርፍበት ስስ ገጽ) 10 ሚሊ ሊትር ከፈጃችሁ፣ በአንድ ብሎት፣ ማለትም በአንድ ሜምብሬን ሙከራ፣ 10 ማይክሮሊትር ሄደ። አሥር ብሎት ሠርታችሁ ብልቃጧ ባዶ ናት። የቀጠነውን ሶዲየም አዛይድ ጨምሮ ፍሪጅ ውስጥ በማቆየት ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ኤችአርፒ (ባንዱን የሚያሳየው ኤንዛይም) የተያያዘበትንና የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘውን ሁለተኛውን አንቲቦዲ ግን አዛይድ አታስነኩት፤ ኤንዛይሙን ያሰናክለዋል። ያች ብልቃጥ የምታሳያችሁ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ፕሮቲናችሁ ሦስት ቦታ ላይ ፎስፌት የሚይዝ ከሆነ ሦስት ብልቃጥ ሊያስፈልጋችሁ ነው። በዚያ ላይ ጠቅላላውን ፕሮቲን የሚያሳይ አራተኛ።

የፎስ-ታግ አክሪላማይድ ዋጋ መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል። ለ10 ሚሊግራም ዱቄት ይህን ያህል? ትላላችሁ። ሒሳቡን ግን ሥሩት። ያ ዱቄት 3.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ውስጥ ሲሟሟ 5 ሚሊሞላር ይሆናል። 8 ሚሊ ሊትር ለሚፈጅ ትንሽ ጄል 50 ማይክሮሞላር ለማድረስ የሚያስፈልገው 80 ማይክሮሊትር ነው። ከአንድ ብልቃጥ 40 ገደማ ጄል ወጣ ማለት ነው። 25 ማይክሮሞላር ከበቃችሁ እጥፍ ይሆናል። የሚያስፈልገው አንቲቦዲም እጃችሁ ላይ ያለው ተራው ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጄል ምቹ ነው፣ ነገር ግን በጄል ሲካፈል ዋጋው ሌላ ነው። ራሳችሁ አፍሱት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ2006 ኪኖሺታና ባልደረቦቹ በሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ዘዴ ነው። ጄሉ ውስጥ ያለው ፎስ-ታግ ሁለት የማንጋኒዝ አዮን ይዞ ፎስፌት ያለበትን ፕሮቲን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፎስፌት የሌለው ቀድሞ ይወርዳል፣ የያዘው ከላይ ይቀራል። አንድ ፎስፌት የሚጨምረው 80 ዳልተን ገደማ ስለሆነ ተራ ጄል ላይ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ አይታይም። እዚህ ግን ሁለቱም ባንዶች እዚያው መስመር ላይ ተቀምጠው ታያላችሁ። ከፕሮቲኑ 10 በመቶው ነው የተቀየረው ወይስ 90 በመቶው? ፎስፎ አንቲቦዲ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ አንቲቦዲ ቁስሌ ልግባ። አንድ ፖሊክሎናል (የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ የሆነ) ፎስፎ አንቲቦዲ ነበረን፣ ጥሩ ይሠራ ነበር። ሲያልቅ በዚያው ካታሎግ ቁጥር አዘዝን። የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩ ተቀይሯል። የምናውቀው ባንድ ደብዝዞ፣ የማናውቀው ወፍራም ባንድ ከበላዩ ተቀምጦ መጣ። ናሙናውን በላምዳ ፎስፋቴዝ አጠብነው፤ ፎስፌቱን ሁሉ የሚያነሳ ኤንዛይም ነው። ወፍራሙ ባንድ ንቅንቅ አላለም። ፎስፌት አይደለም የሚያየው ማለት ነው። ሻጩን ብንጠይቅ «ብሎኪንጉን (አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይጣበቅ ሜምብሬኑን መሸፈኑን) አስተካክሉ» አለን። ገንዘብ መመለስ የለም፣ ለሚቀጥለው ግዢ ቅናሽ ብቻ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ፖሊክሎናል ከእንስሳ ደም ይወጣል፤ እንስሳው ሲቀየር አንቲቦዲውም ይቀየራል። በ2015 ከ100 በላይ ተመራማሪዎች ኔቸር ላይ ፈርመው ቅደም ተከተላቸው የታወቀ፣ ሪኮምቢናንት (ከእንስሳ ደም ሳይሆን ከታወቀ ጂን የሚመረቱ) አንቲቦዲዎች ይመረቱልን ያሉት በዚሁ ጣጣ ነው። የግድ የምትገዙ ከሆነ «ሪኮምቢናንት» የሚለውን ፈልጉ። ሌላም ጉድ አለ፦ አንዱ አንቲቦዲ በሁለት ሦስት ስም ይሸጣል። የክሎን ቁጥሩን አስተያዩ። የሁለቱን ሻጮች የብሎት ፎቶም ጎን ለጎን አድርጉት። ጥግ ላይ ያለችው ነጠብጣብ ሳትቀር ከተመሳሰለች፣ ለውዱ የምትጨምሩት ለስያሜው ነው።

ማስ ስፔክስ (የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካው ማሽን)? ማሽኑን ስለመግዛት እንዳታስቡ፣ በናሙና እየከፈላችሁ አሠሩ። ፎስፌቱ የትኛው ሴሪን (ፎስፌት ከሚይዙ አሚኖ አሲዶች አንዱ) ላይ እንደተቀመጠ፣ ያላሰባችሁት ለውጥም ካለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ግን የተበላሸ ናሙናም ያስከፍላል። ትሪተን የሚባለው ሳሙና ያለበት ናሙና ከላካችሁ ውጤቱ በየ44 ዳልተኑ የተደረደረ የሳሙና መሰላል ይሆናል። ኬራቲን (የቆዳና የፀጉር ፕሮቲን) ደግሞ ከእጃችሁና ከፀጉራችሁ ይገባል። ናሙናው የሚቆራረጠው ትሪፕሲን በሚባል ኤንዛይም ነው፤ ለሕዋስ ማላቀቂያ የሚሸጠውን ርካሹን ግን ለዚህ አትጠቀሙ፤ ያለቦታው ይቆርጣል። ዩቢኪቲን (ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮቲን) የምትፈልጉ ከሆነም ናሙናውን የሚያዘጋጁት በአዮዶአሴታማይድ፣ ማለትም ሲስቲንን በሚሸፍነው ኬሚካል፣ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ኬሚካል አንድ ላይሲን (ዩቢኪቲን የሚለጠፍበት አሚኖ አሲድ) ላይ ሁለት ጊዜ ከተያያዘ 114.04 ዳልተን ይጨምራል፤ ትሪፕሲን ከቆረጠው በኋላ ዩቢኪቲን ጥሎት የሚሄደውም ልክ ያንኑ ነው። ክሎሮአሴታማይድ ይሻላል። ፎስፎፔፕታይድ (ፎስፌት ያለበትን የፕሮቲን ቁራጭ) ማጣራት ለብቻው ይከፈልበት እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ሒሳቡ ሲመጣ እንዳትደነግጡ።

ክራዮ-ኢኤም (የቀዘቀዘ ፕሮቲንን ቅርጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት) የሚሉኝ አሉ። ፎስፌት አለ ወይስ የለም ለሚል ጥያቄ አይሆንም። ፎስፌት መቀመጥ የሚወደው ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ የፕሮቲን ክፍል ላይ ነው፣ ያ ደግሞ በምስሉ ላይ ይደበዝዛል።

ፎስ-ታግም አመል አለው። ኢዲቲኤ (ብረቶችን የሚይዝ ኬሚካል) ማንጋኒዙን ስለሚነጥቀው፣ ኢዲቲኤ የሌለበት የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚበላ ኤንዛይም) መከላከያ ግዙ። ቀለም ያለው ማርከርም (የፕሮቲን መጠን መለኪያው) ብዙ ጊዜ ኢዲቲኤ ይዞ አጎራባች መስመሮችን ያጣምማል፤ መጠንም አያሳይም። ወደ ሜምብሬን ከማስተላለፋችሁ በፊት ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ ጄሉን ኢዲቲኤ ባለው ማስተላለፊያ ፈሳሽ ዘፍዝፉት፣ ካልሆነ ፕሮቲኑ ጄሉ ውስጥ ይቀራል።

ቦታው ከታወቀ፣ ሪኮምቢናንቱ ካለና ናሙናው በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ግን አንቲቦዲውን ግዙ። ሕዋስ ውስጥ የት እንዳለ በማይክሮስኮፕ ማየት ለሚፈልግም ፎስ-ታግ ምንም አይረዳውም። ላምዳ ፎስፋቴዙን ግን ከየትኛውም ጋር አብራችሁ እዘዙ።