የሚሞቅ ሞተርን በኦቢዲ ማንበቢያ መመርመር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ፒን ሶኬት (ኦቢዲ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመመርመሪያ ሶኬት) ላይ ተሰክቶ መረጃውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልከው፣ በውስጡ ባለው ቺፕ የተሰየመው ኢ.ኤል.ኤም. 327 ማንበቢያ ብዙ ሰው የሚገዛው የቼክ ኢንጅን መብራትን ኮድ ለማየት ነው። ሞተር ሲሞቅ ግን ኮድ ብዙም አይገኝም። የራዲያተር መደፈን፣ የክዳን መላላት፣ የውሃ ፓምፕ መበላት አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሳያበሩ መኪናን ያፈላሉ። ከወራት አጠቃቀም በኋላ መሣሪያው ዋጋ ያለው ሆኖ ያገኘሁት በሌላ በኩል ነው፤ ሙቀቱ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ በዲግሪ እየቆጠረ ያሳያል። ጥፋቱ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውም ይኸው ጊዜው ነው።

የዳሽቦርዱ ጠቋሚ ለዚህ አይሆንም። በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች መርፌው ሾፌሩን እንዳያስጨንቅ ተብሎ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጓል። መርፌው ከመሃል ወደ ላይ ሲነሳ ሞተሩ አስቀድሞ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ይቻላል። ማንበቢያው ግን የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያየውን ቁጥር እንዳለ ያመጣል።

ግዢው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገበያው በኮፒ የተሞላ ነው፣ «ቨርዥን 1.5» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውም ሁሉ ኮፒ ናቸው፤ የቺፑ ፈጣሪ 1.5 የሚባል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከኮፒዎቹ መካከል በደንብ የሚሠሩ አሉ። «2.1» ተብለው ከሚሸጡት ርካሾች ብዙዎቹ ደግሞ የተወሰኑ ትእዛዞችን ስለማይረዱ ከቆዩ መኪኖች ጋር አይገናኙም። በአይፎን የሚጠቀም ሰው ተራውን ብሉቱዝ ትቶ ዋይፋይ ወይም ዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝ ያለውን ይምረጥ። የማጣመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ስክሪኑ ላይ የኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ሙቀት፣ የሞተር ዙር፣ ፍጥነትና ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቀት ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ሲጨመር በተለይ የቆዩ መኪኖች ላይ ንባቡ ይዘገያል፣ የዘገየ ንባብ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይረባም።

ምርመራው የሚጀምረው የኩላንቱን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር በመፈተሽ ነው። መኪናው ቆሞ አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ የኩላንቱና የሚገባው አየር ሙቀት ከጥቂት ዲግሪ በላይ መለያየት የለባቸውም። ኩላንቱ −40 ካሳየ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል፤ ፒ0118 ኮድም አብሮ ይመጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 130 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሽቦው ሾርት አድርጓል፣ ኮዱ ፒ0117 ነው። ይህ ሳይረጋገጥ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ በተሳሳተ ሚዛን እንደመመዘን ነው።

ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ቁጥሩ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ሲከፈት ጥቂት ዲግሪ ወረድ ብሎ ወይም ቆም ብሎ እንደገና ይቀጥላል። የመክፈቻው ሙቀት ቴርሞስታቱ ላይ ተቀርጿል፤ 82 እና 88 የተለመዱ ናቸው። ያቺ ትንሽ መንቀራፈፍ ሳትታይ ቁጥሩ ከ100 ካለፈና ከራዲያተሩ የሚመለሰው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም ውሃው አይዞርም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ቴርሞስታታቸው በመመለሻው ቱቦ በኩል የተቀመጠ ሞተሮች ላይ ያ ቱቦ ጤነኛ ሲሆንም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ቱቦ ብቻ ነክቶ መፍረድ አይገባም። ተቃራኒው ደግሞ ረጅም መንገድ ተነድቶ ቁጥሩ 80 አለመድረሱ ነው፤ ፒ0128 ይወጣል፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። «እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም ብዙ ሞተሮች ላይ ሥራውን ያበላሻል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይዘጋ ነበርና፣ እሱ ሲወጣ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፤ መኪናው ዳገት ላይ እንደገና ያፈላል።

በጣም የሚጠቅመው ንባብ ግን ፍጥነትንና ሙቀትን ጎን ለጎን ማየት ነው። ቆሞ ወይም በመጨናነቅ ውስጥ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲለቀቅና አየር ሲገባ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ፋኑ ጋ ነው። ፋኑ እንደ መኪናው ከ95 እስከ 105 ባለው ውስጥ ተነስቶ ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ መቆም አለበት፤ ስክሪኑን እያዩ የተነሳበትንና የቆመበትን ቁጥር መጻፍ ነው። ካልተነሳ ኤሲውን ማብራት፤ በብዙ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑ ይዞራል። በኤሲ ዞሮ በሙቀት ካልዞረ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ትእዛዙ ነው ያልደረሰው። በሁለቱም ካልዞረ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት መሞከር። በቺንጋ የሚዞር ቪስኮስ ፋን (ሲሊኮን ባለበት መያዣ የሚሠራ) ያላቸው ላይ ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ ሲያዞሩት ከብዶ ሊይዝ ይገባል። በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ ያለው ሲሊኮን ፈስሷል።

በከተማ ደህና ሆኖ በዳገትና በረጅም የፍጥነት ጉዞ ቀስ እያለ የሚወጣ ሙቀት የውሃ ዝውውር ወይም የራዲያተር ጥያቄ ነው። ከሁሉ በፊት በኤሲው ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት ማየት፤ ከፊት ንጹህ የሚመስል ራዲያተር ከኮንደንሰሩ ጀርባ በአቧራና በነፍሳት ተለስኖ ይገኛል። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የራዲያተሩን ፊት ከመግቢያው ወደ መውጫው ይለካ፤ በድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ የተደፈነ ቱቦ ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ቴርሞሜትሩ ዝቅ አድርጎ ይዋሻል፣ ጥቁር ቴፕ ለጥፎ በላዩ መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ ዙሩን ወደ 3000 ከፍ አድርጎ የታችኛውን ቱቦ መመልከት ነው፤ ወደ ውስጥ ከተጨመደደ በፓምፑ ስበት እየተዘጋ ነው።

ቁጥሩ ከ90 ወደ 108 ዘሎ ወዲያው ወደ 92 ሲመለስ ሲስተሙ ውስጥ አየር አለ። ውሃ በዚህ ፍጥነት ሞቆ አይቀዘቅዝም፤ ሴንሰሩ አንዴ እንፋሎት አንዴ ውሃ እየነካ ነው። ከኩላንት ቅየራ በኋላ ከሆነ አየሩን ማስወጣት ይበቃል፣ ደጋግሞ ከተመለሰ ግን የቴስታታ ጋስኬትን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) መጠርጠር ነው። የመሣሪያው ትልቁ አደጋም እዚህ ላይ ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ሞተሩ እየነደደ ስክሪኑ 70 ይላል። ቁጥሩ ወጥቶ በድንገት ሲወርድና የካቢኑ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ ወዲያው ቆሞ ሞተር ማጥፋት ነው፣ ክዳኑንም እስኪቀዘቅዝ አለመንካት።

ስክሪኑ 96 እያለ ማጠራቀሚያው የሚንተከተክ ከሆነስ? ሙቀቱ ልክ ነው፣ ግፊቱ ነው የጠፋው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ንጹህ ውሃን በባሕር ጠለል እስከ 119 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑ ካልያዘ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፣ ማለትም ፋኑ ገና ሳይነሳ። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ሲሆን መፍያው በጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ግን የላላ ክዳንን አያድንም። ክዳን ሲቀየር የተጻፈበት የባር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ማንበቢያው ግፊትን፣ የውሃ መጠንንም ሆነ ፍሳሽን አያይም። ለዚያ የእጅ ግፊት ፓምፕ ያስፈልጋል፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ሞልቶ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ። የቴስታታ ጋስኬት ጥርጣሬን የሚፈታው ደግሞ የጋዝ መፈተሻው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ የቤንዚን ሞተር የተቃጠለ ጋዝ ሲገባበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ማንበቢያው እዚህ የሚያግዘው በአንድ ፍንጭ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ፒ0300 (ሲሊንደር በደንብ አለመቃጠሉን የሚያሳይ ኮድ) ከመጣና ኩላንት ያለ ፍሳሽ እየጎደለ ከሆነ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

የመሣሪያው የራሱ ድክመቶች ጥቂት ናቸው፣ ያናድዳሉ እንጂ አያስጥሉም። ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ኃይል ስላለው፣ ማንበቢያው ተሰክቶ ከቆየ ደካማ ባትሪን ቀስ በቀስ ያወርዳል፤ ሲቆም መንቀል ይሻላል። የሾፌር ጉልበት እየነካው ይላላል። ብሉቱዙ በየመሃሉ ይቋረጣል፤ ስለዚህ አፑ ላይ በ105 የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ተሞልቶም ቢሆን በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ኮድ ማጥፊያዋን ቁልፍ ግን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያን ቅጽበት ሙቀት፣ ዙር፣ ፍጥነትና የሞተር ጫና አብሮ ያስቀምጣል፤ ፒ0217 (ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል የሚለው ኮድ) ሲወጣ መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ ዳገት ላይ የሚለው መልስ እዚያ አለ። ኮዱ ሲጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል። የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ፣ ከዚያ ማጥፋት።